አልሰማሁም የማለት ድፍረት

ስልኩ የጮኸው ከቀትር በኋላ ነበር። አዛውንቱ ጩኸቱን በሚገባ ሰምተውታል፤ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ስልኩን ያነሡትም ማንም ሳይነግራቸው ነው። ደዋይዋ የአርባ ዓመት ወዳጃቸው ልጅ ነበረች። ወዳጃቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ተኝተው ሰንብተዋልና አዛውንቱ ስልኩን ወደ ጆሯቸው ሲያስጠጉ ልባቸው ፈራ ተባ ይል ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም ቢባልም፣ ቀብሩ ለማግሥቱ ተቀጥሮ ስለ ነበር ልጅቱ ጊዜ አልነበራትም።

«ጋሼ፣ አባባ ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል እንዳሉ አረፉ» አለች ለቅሶ ባደከመው ዝቅተኛ ድምፅ።

ከዚህ ዓረፍተ ነገር ወደ አዛውንቱ ጆሮ የደረሰው ሙሉው አልነበረም። «አባባ» የሚለው ደርሷል። «…አል» የሚል ጭራ ደርሷል። «አረፉ» የሚለውም እንደ ምንም ደርሷል። በመካከል የነበረውን ክፍተት ግን ጆሯቸው ሳይሆን ምኞታቸው ሞላው፤ ወዳጃቸው ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው አረፍ ያሉ መሰላቸው። «እሰይ! ተመስገን! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ!» አሉ። በወዲያኛው በኩል ዝምታ ሆነ። ቀጥሎም መስመሩ ተቋረጠ።

በማግሥቱ ወደ ማምሻው ላይ ሁለት ኪሎ ብርቱካንና አንድ ጠርሙስ አምቦ ውኃ ይዘው ወደ ወዳጃቸው ሰፈር አቀኑ። ወደ ቅያሱ ሲታጠፉ ያዩት ድንኳን ነበር። ቀብሩ ተፈጽሞ ሰው ከመቃብር ተመልሷል። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰችው ልጅ መጀመሪያ ብርቱካኑን፣ ቀጥሎ እሳቸውን አየች፤ ምንም አልተናገረችም። አዛውንቱ ድንኳኑ ጥግ ባገኙት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ፌስታሉንም ከእግራቸው ሥር ደበቁት። የአርባ ዓመት ወዳጃቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ፤ ለሞታቸውም ደስታቸውን ገለጹ።

እኒህ ሰው ደንቆሮ ነኝ ብለው አያውቁም ነበር። የመኪና ጡሩንባ ይሰማሉ፤ የውሻ ጩኸት ይሰማሉ፤ በር ሲንኳኳ ይሰማሉ። የማይሰማ ሰው በእሳቸው ግምት ዝምታ ውስጥ የሚኖር ሰው ነበር። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በዕድሜ ወይም በጩኸት የሚመጣ የመስማት ችግር በአብዛኛው ዓለምን ዝም አያሰኛትም፤ የሚወስደው ድምፅን ሳይሆን ንግግርን ነው። በመሆኑም ችግሩ የደረሰበት ሰው «እሰማለሁ፤ ግን ሰዎች እያጉረመረሙ ነው» ይላል። አዛውንቱም ለዓመታት ሲሉ የነበረው ይህንኑ ነው። የዛሬ ልጆች አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም፤ የቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ ይቸኩላል፤ ስልኩ ተበላሽቷል። ባለቤታቸው ደግሞ «አንተ ስትፈልግ ትሰማለህ፤ ሳትፈልግ ዝም ትላለህ» እያሉ ይቆጡ ነበር። ሁለቱም የሚሉት ከልባቸው ነበር፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጆሮ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ያንቀጠቅጣል። ከታምቡሩ በስተጀርባ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ በሚባሉ ዕቃዎች ስም የተሰየሙ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ። እነርሱ ንዝረቱን አቀባብለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደሚመስለው የውስጥ ጆሮ ያደርሱታል። በዚህ ጠመዝማዛ ቤት ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 የሚጠጉ፣ አናታቸው ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር የበቀለባቸው ሕዋሳት ተሰልፈዋል። ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነርሱ ናቸው። ወፎች እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱባቸው መልሰው ያበቅላሉ፤ የሰው ልጅ ግን የሞተበትን አይተካም።

ሕዋሳቱ የተሰለፉት በሥርዓት ነው፤ ከመግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጫጭን ድምፆችን፣ ወደ ውስጥ የራቁት ደግሞ ወፍራም ድምፆችን ይቀበላሉ። በዕድሜም ሆነ በጩኸት በአብዛኛው ቀድመው የሚጎዱት የመግቢያዎቹ ናቸው። በንግግር ውስጥ ቀጭንና ደካማ ድምፅ ያላቸው ደግሞ አናባቢዎቹ ሳይሆኑ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ከ እና ቸ ያሉት ተነባቢዎች ናቸው። የፊደል ገበታን አይጥ ገብታ ከነዚህ ቤቶች አብዛኛውን ብትበላው ምን ይቀራል? «ሰላም» ሲባል የፊተኛው ፊደል ተንኖ «ላም» የሚመስል ነገር ይቀራል። «ሰማ» እና «ሸማ»፣ «ፈራ» እና «ሠራ»፣ «ከፋ» እና «ከሳ» አንድ ይሆናሉ። «ቤቱ ለልጁ ተሰጠ» እና «ቤቱ ለልጁ ተሸጠ» የሚሉት ዓረፍተ ነገሮች በአንዲት ፊደል ይለያያሉ፤ ያቺ ፊደል ሳትሰማ ስትቀር ግን የሚሳሳተው ቃሉ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። ተራው የስልክ መስመር ችግሩን ያባብሰዋል፤ በተለምዶ የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርትዝ ያለውን ድምፅ ስለሆነ ሰ እና ሸን የሚለየውን ቀጭን ፉጨት አብዛኛውን ይቆርጠዋል። ፊትም በስልክ አይታይም። ያን ዕለት አዛውንቱን ያሳፈራቸው እንግዲህ ቸልተኝነት አልነበረም።

ጉዳቱ የጀመረው ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ነው። አዛውንቱ በ1960ዎቹ አጋማሽ ገና ጎረምሳ ሳሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብተው ሠላሳ ስምንት ዓመት ብረት ቀጥቅጠዋል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሁሉ የአካባቢውን ድምፅ ያውቃል። ያገለገለ በርሜል፣ የመኪና ባሌስትራና ቆርቆሮ ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ በመዶሻ ብዛት ምድጃ፣ ዶማ፣ ማጭድና አካፋ ሆኖ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አዛውንቱ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ጆሯቸው ውስጥ ፌንጣ የገባ ይመስል «ጭርርር» ይልባቸው ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት ይተዋቸዋል። በሣር ላይ ሰው ሲመላለስ ሣሩ ይተኛል፤ ካደረ ይነሣል፤ በየቀኑ ሲረገጥ ግን መንገድ ይሆንና ዳግመኛ አይበቅልም። የጆሮ ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። ያ ጭርታ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በተራው ውስጥ ግን «ለምደኸዋል» ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም የሰጠው አልነበረም።

ይህ የምናለሽ ተራ ዕጣ ብቻ አይደለም። ቶማስ ባር የተባለ የግላስጎው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1886 የእንፋሎት ጋን የሚሠሩ 100 ቀጥቃጮችን መርምሮ ጤናማ ጆሮ ያለው አንድም እንዳላገኘ ጽፏል። ዛሬም ናይሮቢ የሚኖር አንባቢ ወደ ካሙኩንጂ ወረድ ቢል የጁዋ ካሊ ሠራተኞች የብረት ሳጥንና ጂኮ ሲቀጠቅጡ ያንኑ ድምፅ ያገኘዋል፤ ሙዚቃው በሚያንቀጠቅጥ ማታቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ረዳትም ከዚሁ ማኅበር ነው። የሥራ ጤና ባለሙያዎች በሰፊው የሚጠቀሙበት ስሌት እንዲህ ይላል፤ በ85 ዴሲቤል ጩኸት ውስጥ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ መቆየት ጆሮን ይጎዳል፤ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። መዶሻ በብረት ላይ ሲያርፍ ከዚያ ማለፉ የተለመደ ነው። በጆሮ የሚደፈን ርካሽ መከላከያ ግን ብዙውን ጉዳት ያስቀር ነበር።

ጩኸት ብቻም አይደለም። በልጅነት በተደጋጋሚ የሚመግል ጆሮ፣ ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትር፣ እንደ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም ብዙዎችን መስማት ነስተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 1.5 ቢሊዮን ሰዎች በተለያየ ደረጃ የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ ከነዚህም 430 ሚሊዮን የሚሆኑት እገዛ እንደሚያስፈልጋቸው ገልጿል። ድርጅቱ የዓለም የመስማት ቀን ብሎ የሰየመው ማርች 3 በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24፣ የዓድዋ በዓል ማግሥት ነው።

ቁጥሩ ይህን ያህል ከሆነ ሰው ስለምን ይደብቀዋል? መልሱ ከፊሉ በቋንቋችን ውስጥ አለ። ዓይኑ የደከመን ሰው «ዓይኑ ደከመ» እንላለን፤ መነጽር ሲያደርግም የተማረ ይመስለናል። ለማይሰማ ሰው ያወጣነው ስም ግን «ደንቆሮ» ነው፤ ከዚሁ ሥር «ድንቁርና» የሚለውን ቃል አውጥተን ለዕውቀት ማጣት ሰጥተነዋል። «መስማት የተሳነው» የሚለው የአክብሮት አጠራር በጽሑፍ እየተለመደ ቢመጣም በሰፈር ስድብ ውስጥ የነገሠው የድሮው ቃል ነው። «መስማት» ራሱም ሁለት ትርጉም አለው፤ «ይህ ልጅ አይሰማም» ማለት ባለጌ ነው፣ አይታዘዝም ማለት ነው። ጆሮው የታመመ ስንት ሕፃን በዚህ ቃል ምክንያት ተገርፎ ይሆን? «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል የሀገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ስለ ሐሜት ቢሆንም፣ ለአዛውንቱ ጆሯቸው በእርግጥ ባዳ ሆኖባቸው ነበር፤ ሲሳሳት ይሳሳታል፣ መሳሳቱን ግን አይነግራቸውም።

ስለዚህ ደበቁት። መደበቅ ደግሞ ሙያ ይጠይቃል። በቡና ሰዓት ሰው ሲስቅ ይሥቃሉ፤ ሣቃቸው ግን ከሌሎቹ ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። በዕድር ስብሰባ የሌሎችን እጅ አይተው እጃቸውን ያወጣሉ፤ ለምን እንዳወጡ ቤታቸው ሲገቡ ይጠይቃሉ። ያልሰሙትን ጥያቄ «አዎ፣ አዎ» እያሉ ያልፋሉ። ወሬ ለራሳቸው የሚያበዙትም ሰው የሚናገርበትን ጊዜ ለማሳጠር ነበር። ማታ ማታ እንደ ድሮው ብረት ቀጥቅጠው የዋሉ ያህል ይደክማቸዋል፤ የጎደለ ቃል ሲሞሉ መዋል ከባድ ሥራ ነውና። በመጨረሻ ዕድሩን ተዉ፤ ቡናውንም እያሳበቡ ቀሩበት። የልጅ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ከሁሉ ቀድሞ የራቃቸው የልጅ ልጃቸው ነበር። ልጁ ሦስት ጊዜ ተናግሮ መልስ ሲያጣ ወደ አያቱ መምጣት ተወ።

ይህ መገለል የከንቱ ሐዘን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ2020 እና በ2024 ባወጣቸው ሪፖርቶች የመስማት ችግርን የእርጅና የመርሳት በሽታን ከሚያባብሱና ሊቃለሉ ከሚችሉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ይህ ማለት መስማት ያቃተው ሁሉ ይጃጃላል ማለት አይደለም፤ ከሰው ጨዋታ የተገለለ አእምሮ ግን ይጎዳል።

ከድንኳኑ ዕለት በኋላ አዛውንቱ ለማንም ምንም ሳይናገሩ አንድ ወር ቆዩ። ናይሮቢ የሚኖረው የመጀመሪያ ልጃቸው ለወዳጃቸው አርባ መታሰቢያ ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ገና ከግቢው በር ሰማው። ማታ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ፊት ለፊት ተቀመጠና «አባዬ፣ በስልክ የምነግርህ ነገር አይደርስህም፣ አይደል?» አላቸው። እንደ ልማዳቸው ስልኩን ሊያሳብቡ አስበው ነበር። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው። «ልጅቱን እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት» አሉ። ልጃቸው መጀመሪያ አልገባውም። ሁሉንም ነገሩት፤ ብርቱካኑን ሳይቀር። አባቱ ሲያለቅሱ ያየው ያን ጊዜ ነበር።

በሳምንቱ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሄዱ። ሐኪሟ ጆሯቸውን ተመልክታ ብዙ ኩክ አወጣችላቸው፤ አዛውንቱም ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏቸው ደስ አላቸው። አንዳንድ ሰው በእርግጥ በዚህ ይገላገላል። እሳቸው ግን አልተገላገሉም። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ተደርጎላቸው፣ ድምፅ በሰሙ ቁጥር አንዲት ቁልፍ እንዲጫኑ ተነገራቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከመስተዋቱ ወዲያ ያለው ልጃቸው መሣሪያው ድምፅ እየሰጠ መሆኑን ከባለሙያዋ እጅ እያየ ነበር። ውጤቱ በወረቀት ሲወጣ የቀኝ ጆሮ በክብ፣ የግራው በመስቀል ምልክት ተነጥቦ ነበር፤ በወፍራሞቹ ድምፆች በኩል ሜዳ የነበረው መስመር ወደ ቀጫጭኖቹ ሲደርስ እንደ ገደል ይወርዳል። «አባባ፣ የሰውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ቃሉን ግን አይሰሙም» አለቻቸው ሐኪሟ ፊታቸውን እያየች። ለዓመታት «ስትፈልግ ትሰማለህ» ሲባሉ ለኖሩት ሰው ያ አንድ ዓረፍተ ነገር የፍርድ ቤት ነፃ መለቀቂያ ያህል ነበር።

የተሰጣቸው ተስፋ ልከኛ ነው። የሞተው ሕዋስ አይመለስም፤ የመስሚያ መሣሪያ ግን የጎደሉትን ቀጫጭን ድምፆች አጉልቶ የቀሩት ሕዋሳት እንዲቀበሏቸው ያደርጋል። ዋጋው ለአንድ ጡረተኛ የሚቀመስ አልነበረም፤ ልጆቻቸው አዋጥተው ገዙት። የዓለም የጤና ድርጅት መሣሪያው ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 17 በመቶ ብቻ እንደሆኑ የሚገልጸው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ ሪፖርት መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች 78 በመቶ የሚሆኑት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም እንኳ የላቸውም።

መሣሪያውን ያደረጉ ዕለት አዛውንቱ አልተደሰቱም። የገዛ ጫማቸው ኮቴ አስደነገጣቸው፤ የሳህን ግጭት አንጎላቸውን ወጋቸው፤ በቆርቆሮው ጣራ ላይ የወረደው ዝናብ ምናለሽ ተራን መለሰባቸው። በሦስተኛው ቀን አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። አእምሮ ግን ለዓመታት የተረሱ ድምፆችን እንደገና ለመለየት ሳምንታት ያስፈልጉታል፤ መሣሪያውም ተመልሶ መስተካከል አለበት። ልጃቸው ከናይሮቢ እየደወለ ስለወተወታቸው ተመለሱ፤ ድምፁ ተስተካከለላቸው፤ በመጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት፣ ቀጥሎ ሁለት እያሉ ለመዱት። አንድ ጠዋት ባለቤታቸው እንጀራ ሲጋግሩ ሊጡ ምጣዱን ሲነካ የሚያሰማውን «ችስስ» ሰሙ። ያን ድምፅ ስንት ዓመት እንዳጡት አላወቁም፤ መጥፋቱንም አላወቁም ነበር።

ቤተሰቡም የተማረው ነገር አለ። መጮኽ አይጠቅምም፤ ጩኸት አናባቢውን ያገዝፋል እንጂ የጠፋውን ተነባቢ አይመልስም። የሚጠቅመው ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኝቶ፣ ብርሃን ባለበት ፊት ለፊት ሆኖ፣ ረጋ ብሎ መናገር ነው፤ ካልተሰማም ያንኑ ቃል ደጋግሞ ከመጮኽ በሌላ ቃል መለወጥ ይሻላል። ከሁሉም በላይ «ተወው፣ ምንም አይደል» ማለት የተከለከለ ሆነ። ለማይሰማ ሰው ከዚህ ቃል የበለጠ በር የሚዘጋበት የለም።

ምልክቱን በራሱ ወይም በወላጁ ላይ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚሄድበት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ በናይሮቢ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ይህ ክፍል አላቸው። ክብሪትም ሆነ ላባ ወደ ጆሮ መስደድ፣ ዘይትና የማይታወቅ ጠብታ መጨመር ጉዳት እንጂ ፈውስ አያመጣም። በአንድ ቀን ወይም በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት መስማት ያቆመ ጆሮ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ሕክምናው የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነውና በዚያው ዕለት መሄድ ይገባል።

አዛውንቱ አንድ ዕዳ ቀርቷቸው ነበር። በወዳጃቸው ሙት ዓመት ወደዚያው ቤት ሄዱ። ዝክሩ ተበልቶ ሰው ሲበታተን ልጅቱ አጠገብ ተቀመጡና «ልጄ፣ ያን ዕለት በስልክ አልሰማሁሽም ነበር። ደንቁሬ ነበር፤ ለሰው መናገር አፍሬ ነው» አሏት። ልጅቱ አቀርቅራ አንድ ነገር ተናገረች። ጓዳ ውስጥ ስኒ ይታጠባል፤ ልጆችም ደጅ ይጫወታሉ። መሣሪያው ሁሉንም እኩል አጉልቶ የእሷን ቃል አስጣላቸው። የድሮው ልማድ ራሳቸውን ወደ መነቅነቅ ወሰዳቸው፤ «አዎ፣ አዎ» ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ» አሉ። «ቀና ብለሽ ድገሚልኝ።»

ቀና አለች። «አባባ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ። ‹ወዳጄ መስማት ካቆመ ቆየ፤ እንዳላሳፍረው ብዬ ዝም አልኩት› ይሉን ነበር።»

አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ አልተናገሩም። ሁለት ወዳጆች በይሉኝታ ታስረው፣ አንዱ አለመስማቱን፣ ሌላው አለመሰማቱን እየደበቀ፣ ስንት ቅዳሜ አብረው ቡና እንደ ጠጡ ሊቆጥሩ ሞከሩ። ከዚያም ወዳጃቸው በመጨረሻው ሰሞን ምን ምን ያወሩ እንደ ነበር ልጅቱ እንድትነግራቸው ለመኗት፤ ወንበራቸውንም ወደ እሷ አስጠጉ።